«አታሟርቺብን» ይሉኛል

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም ሦስት ደብዳቤ መርጫለሁ። ሦስቱም ከወሎ የመጡ ናቸው፣ ሦስቱም ስለ ልብ። የመጀመሪያውን አሳጥሬዋለሁ። መልሱን ግን ማሳጠር አልቻልኩም፤ ለምን እንደሆነ ስታነቡት ይገባችኋል።

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ ይሁን። የምጽፈው ከደሴ ነው። ባለቤቴን ካጣሁት 14 ወር ሆነኝ። 38 ዓመቱ ነበር። የሰፈራችን ቅሬ (እድር) ሰው ሲፈልግ ቀድሞ የሚወጣ እሱ ነው፣ ያን ቀንም ለጎረቤት ሠርግ ድንኳን ሊተክል ወጣ። ገመድ ሲስብ ቆየና «ትንሽ ልረፍ» ብሎ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ አሉኝ። ውሃ እስኪያመጡለት በጎኑ ወደቀ። ሆስፒታል ሲደርስ ሕይወቱ አልፏል። ያንኑ ድንኳን ነቅለው ማታውኑ እኛ ደጅ ተከሉት።

አባቱም ሐይቅ ከተማ በኩል እርሻ ሲያርሱ ውለው በ41 ዓመታቸው እንዲሁ በድንገት ነው የሞቱት። ያኔ «ምች ነው» ተባለ። የባለቤቴን ደግሞ «ዓይን ነው» አሉ። ከ5 ወር በኋላ ታላቅ ወንድሙ ደረጃ ሲወጣ ራሱን ስቶ ወደቀና አዲስ አበባ ሄዶ ታየ። «የልብህ ጡንቻ ወፍሯል፣ በዘር የሚመጣ ነው፣ የሟች ወንድምህን ልጆች አስመርምሩ» አሉት። 3 ልጆች አሉኝ። ትልቁ 13 ዓመቱ ነው፣ ከኳስ ሌላ ነገር አያውቅም። አማቴ ግን «አታሟርቺብን፣ የቀበርኩት ይበቃኛል» ይሉኛል። የባለቤቴ ታናሽ እህት ታጭታለች፣ ወሬው ከወጣ ጋብቻው ይፈርሳል ብለው ሁሉም አፋቸውን ዘግተዋል።

ሌላም የሚያንገበግበኝ አለ። ከመሞቱ በፊት ማታ ማታ እጄን ወስዶ ደረቱ ላይ ያደርግና «ስሚው፣ እንደ ወፍ ነው የሚርገበገበው» ይለኝ ነበር። እኔ «ሥራ አብዝተህ ነው፣ ተኛ» እለው ነበር። እኔ ነኝ የገደልኩት? ልጆቹንስ ምን ላድርግ? (ሰ. ከደሴ)

መልስ፦ እህቴ ሰ.፣ አብሽሪ። ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር፣ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚያስነሳሽ እሱ ስለሆነ። አልገደልሽውም። የልብ መርገብገብ ከድካምም፣ ከቡናም፣ ከደም ማነስም፣ ከሐሳብም ይመጣል። አንቺ ያልሽውን ብዙ የነጭ ጋዋን ባለቤቶችም ይሉታል። ይህን የምልሽ ለማጽናናት ብቻ አይደለም፤ በራሴ ቤት ስላየሁት ነው።

ታናሽ ወንድሜ የሞተው በዚሁ በሽታ ነው። ገና የ17 ዓመት ልጅ ሳለ ዳገት ስንወጣ ወደኋላ ይቀር ነበር። የደሴን ዳገት ታውቂዋለሽ። መንገድ መሐል ቆም ይልና የጫማውን ክር እንደሚያስር ሰው ቁጢጥ ይላል። ሁልጊዜ። ክር የሌለው ጫማ ባደረገ ቀንም ቁጢጥ ይል ነበር፣ እኛ አናስተውልም። አንድ ክሊኒክ ለ2 ዓመት ያህል የጨጓራ መድኃኒት ሲሰጠው ከረመ። በ19 ዓመቱ አዲስ አበባ ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) የተነሳ ጊዜ ነው ሐኪሙ «ቁጢጥ ስትል ይሻልሃል አይደል?» ብሎ የጠየቀው። ሰው ቁጢጥ ሲል ከእግሩ ደም ወደ ልቡ ይመለሳል፣ በወፈረው ጡንቻ የጠበበው የደም መውጫም ትንሽ ይከፈታል። ልጁ መድኃኒቱን ራሱ አግኝቶት ነበር። የሚያነብለት ሰው ነው ያጣው።

የበሽታው ነገር እንዲህ ነው። የልብ ግድግዳ በጤነኛ አዋቂ ሰው እስከ 12 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በነዚህ ሰዎች ግን ያለ ደም ግፊት፣ ያለ ሌላ ምክንያት 15 እና ከዚያ በላይ ይደርሳል። ቤተሰቡ ውስጥ በሽታው እንዳለ ከታወቀ 13 እንኳ ያጠራጥራል። ጡንቻው መወፈሩ ብቻ አይደለም ችግሩ። የጡንቻው ክሮች እንደ ጥሩ ሽመና መስመር ይዘው መሄድ ሲገባቸው ይወሳሰባሉ። ልብን የሚያስመታው ኤሌክትሪክ እዚያ ውስጥ መንገድ ይስትና ልብ መምታቷን ትታ ትንቀጠቀጣለች። ባለቤትሽ ድንጋዩ ላይ ሲቀመጥ የሆነው ይህ ሳይሆን አይቀርም። ከኮሌስትሮል ጋር አይገናኝም፣ ከምግብ አይመጣም፣ ከሚስት ቸልተኝነትም አይመጣም።

ዓይንም አይደለም። በ1958 እ.ኤ.አ. ዶናልድ ቲር የሚባል የለንደን አስከሬን መርማሪ ሐኪም ይህን የልብ ውፍረት በ8 ወጣቶች ላይ አግኝቶ ጽፎ ነበር፤ አብዛኞቹ በድንገት የሞቱ ናቸው። ከዚያ ወዲህ ሐኪም ያውቀዋል። ከ500 ሰው አንዱ ላይ ይገኛል ተብሎ ይገመታል። ይህን አስቢው። ሰኞ ገበያ ስንት ሰው ይውላል?

አሁን ወደ ልጆቹ። ወላጅ በሽታውን ከያዘ እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ 50 በመቶ ነው። ወንድም ሴትም እኩል። ሳንቲም እንደመጣል ነው፣ ለእያንዳንዱ ልጅ አዲስ ይጣላል። አንዱ ስለያዘው ሌላው ይተርፋል ማለት አይደለም፣ ሦስቱም ነፃ ሊሆኑም ይችላሉ። ያልወረሰ ልጅ ደግሞ ለልጆቹ አያስተላልፍም። ሌላ ማወቅ ያለብሽ፣ መውረስና መሞት አንድ አይደሉም። ብዙ ሰው በሽታውን ይዞ ያረጃል። በኛ ቤት የመጣው ከእናታችን ነው፤ እሷ 70 ዓመት አልፏታል፣ ዛሬም ከሰል አቀጣጥላ ቡና ታፈላለች። እኔ በየ4 ዓመቱ እታያለሁ፣ እስካሁን ደህና ነኝ።

ምርመራው 2 ነገር ነው። አንዱ ኢሲጂ ነው፣ ደረትና እጅ እግር ላይ ሽቦ ተለጥፎ የልብ አመታት ወረቀት ላይ ይወጣል። ሌላው ኢኮ ነው፣ የልብ አልትራሳውንድ። ለነፍሰ ጡር ሆድ ከሚደረገው ጋር አንድ ዓይነት ነው። መርፌ የለው፣ ጨረር የለው፣ አያምም። ወንድሜ አንዲት ሴት ልጅ ትቶልናል፣ 8 ዓመቷ ነው፣ በየዓመቱ እናሳያታለን። ባለፈው ሐምሌ ጄሉን ደረቷ ላይ ሲቀቡት «ቀዘቀዘኝ!» ብላ ስትስቅ ሐኪሙ ሥራውን ማቆም ነበረበት። ለአማትሽ ይህን ንገሪያቸው። ማሽኑ ልብ ውስጥ አይገባም፣ ከውጭ ነው የሚያየው።

ከጤና ጣቢያ ሪፈራል አጽፊና ወደ ደሴ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ሂጂ። የጤና መድን ካለሽ ደብተሩን አትርሺ፤ ያለ ሪፈራል ከሄድሽ ከኪስሽ ትከፍያለሽ። ለልጅ ኢኮ የሚያነሳ ሐኪም የሚኖርበትን ቀን አስቀድመሽ ጠይቂ። ወደ አዲስ አበባ ከላኩሽም ሂጂ። የታላቅ ወንድሙን የኢኮ ወረቀት ኮፒ ይዘሽ ሂጂ፣ ያ ወረቀት የሐኪሙን ግማሽ ሥራ ይሠራል። የልጅ ልብ ውፍረት ከቁመቱና ከክብደቱ ጋር ተሰልቶ ስለሆነ የሚታየው ቁጥሩን አንብበሽ ራስሽ አትፍረጂ። ደግሞም አንድ ጊዜ «ደህና ነው» መባል አይበቃም። በሽታው ብዙ ጊዜ ልጅ በሚመዘዝበት ዕድሜ ነው የሚወጣው፣ ስለዚህ አድጎ እስኪጨርስ በየ1 ወይም 2 ዓመቱ፣ ካደገ በኋላ በየ3 እስከ 5 ዓመቱ ይታያል።

ኳሱን በተመለከተ፣ እስኪታይ ድረስ ግጥሚያና ሩጫ ይቁም። ለምን እንደሆነ ንገሪው፣ በ13 ዓመቱ ይገባዋል። አባቱ እንዴት እንደሞተ ከሰፈር ልጅ ከሚሰማ ካንቺ ይስማ። የካሜሩኑን ማርክ ቪቪያን ፎን ታሪክ ኳስ ወዳዱ ልጅሽ ምናልባት ያውቀው ይሆናል። ሰኔ 2003 እ.ኤ.አ. ሊዮን ከተማ ከኮሎምቢያ ጋር ሲጫወቱ ሜዳ መሐል ወደቀ፣ 28 ዓመቱ ነበር። ልቡ ሲመረመር ይኸው በሽታ ነው የተገኘበት። ፎ ስለ ልቡ ሳያውቅ ነው የሮጠው። ያንቺ ልጅ ግን ማወቅ ይችላል። ተገኘበት ቢባል እንኳ ዕድሜ ልኩን ቁጭ በል ማለት አይደለም፤ መራመድ፣ ቀለል ያለ ጨዋታ፣ ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሮ ሌላም ይፈቀድለት ይሆናል።

ዋና ዋና ምልክቶቹን ጻፊያቸው። ሲሮጥ ወይም ሮጦ ወዲያው ሲያቆም ራስን መሳት፣ ይህ ከሁሉ የከፋው ነው፣ አንድ ቀን እንኳ አይታደርበትም። ዳገት ላይ ትንፋሽ ማጠር። ደረት ማፈን። የባለቤትሽ ወፍ።

አሁን ስለ አማትሽ። አትቆጪያቸው። እሳቸው ምርመራ ሲባል የሚታያቸው ሌላ ሬሳ ነው። ባል ቀብረው፣ ልጅ ቀብረው «ማሟረት» ቢሉ አይፈረድባቸውም። እኔ አንቺን ብሆን የማደርገውን ልንገርሽ። ቡና አፈላለሁ። አቦልና ቶና በወግ ያልፋል። በረካው ላይ «እማ፣ አባባ የሞቱ ቀን እንዴት ነበር?» ብዬ እጠይቃለሁ። ስለ ኢኮ አንድም ቃል አልናገርም። ይናገሩ። ከዚያ የአባባን ወንድሞች፣ እህቶች፣ ማን ወጣት ሳለ ሞተ፣ የት ወደቀ፣ ምን ሲሠራ ነበር እያልኩ በደብተር እጽፋለሁ። ይህ ዘዴ አይደለም። ሐኪሙ ወንበር ላይ ሲያስቀምጥሽ የሚጠይቅሽ ይህንኑ ነው፣ ለዚህ ጥያቄ መልስ ያላቸው ደግሞ በዓለም ላይ አማትሽ ብቻ ናቸው። ስለዚህ አብረውሽ ይሂዱ። ከሚከለክሉሽ ይልቅ የሚመሰክሩልሽ ሰው ይሁኑ። የኔ እናት ለ1 ዓመት እንቢ ካለች በኋላ የተነሳችው ሐኪሙ «እማማ፣ ያለ እርስዎ ይህን ወረቀት መሙላት አልችልም» ሲላት ነው።

የታጨችው እህት ጉዳይ ከበድ ይላል። ሕመሟን ለማን እንደምትነግር የራሷ ነው፣ አንቺ ለሙሽራው ቤት ልትናገሪ አይገባም። ለእሷ ግን ንገሪያት፣ ብቻዋን፣ በቀስታ። ከሠርጉ በፊት ትታይ። ነፃ ከሆነች የሚፈርስ ነገር የለም። ካለባትም አብዛኞቹ ሴቶች በክትትል በሰላም ይወልዳሉ፣ ሐኪሙ ግን ከእርግዝናው በፊት ማወቅ አለበት። ደብቀው የዳሯት ልጅ ምጥ ላይ ብትወድቅ ያን ጊዜ አፉን የዘጋው ሁሉ ምን ይላል? ይህን ስጽፍ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ግን ልተወው አልቻልኩም። ሐይቅ ያሉት የአባባ ወንድሞችና ልጆቻቸውም እንዲሁ ይታዩ።

ድንኳን የሚተክለው ቅሬያችሁ ይህንንም ይወቅ። ሰው በድንገት ወድቆ አልሰማ ካለና በደንብ ካልተነፈሰ ውሃ አይረጭ፣ ክብሪት አይሽተት። ጀርባው መሬት ላይ ይሁን። የአንድ እጅ መዳፍ የደረቱ መሐል ላይ፣ ሌላው እጅ ከላይ፣ ክንድ ሳይታጠፍ ደረቱን ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ወደታች እየገፉ መልቀቅ፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ሳያቋርጡ። ሌላው ሰው ወደ 907 ይደውል ወይም መኪና ያቁም። ሁልጊዜ አያድንም። አንዳንዴ ግን ያድናል፣ ያንን ቀን ማንም አላወቀውም፣ ባለማወቁም የሚወቀስ የለም።

ወንድሜ ከታወቀለት በኋላ 11 ዓመት ኖረ። ልብን የሚያረጋጋውን ኪኒን፣ ፕሮፕራኖሎሉን፣ በምላጭ ለሁለት ከፍሎ በክብሪት ቤት ይዞ ይዞር ነበር። አስተማረ፣ አገባ፣ ወለደ። ልብ ሲረበሽ የሚያስተካክለውን፣ ደረት ላይ ከቆዳ ሥር የሚቀበረውን መሣሪያ ሐኪሙ መክሮን ነበር፣ ገንዘቡ ከአቅማችን በላይ ሆነ። እናቴ ማታ በሩን ገርበብ አድርጋ ትንፋሹን ታዳምጣለች። እሱም እያወቀ ጮክ ብሎ ያንኮራፋል፣ እሷ እንድትተኛ። ጥቅምት ላይ አንድ ሌሊት አላንኮራፋም። 30 ዓመቱ ነበር።

ስለ ሐዘንሽ የምነግርሽ አንድ ነገር ብቻ አለኝ። ሰዎች «14 ወር ሆነሽ፣ ይበቃሻል» ይሉሽ ይሆናል። እኔ 4 ዓመት ሆኖኝ ዳገት ላይ ጫማውን የሚያስር ሰው ሳይ እቆማለሁ። የባለቤትሽን ወፍ ለልጆችሽ ንገሪያቸው። «አባታችሁ እጄን ደረቱ ላይ ያደርግ ነበር» በያቸው። አንድ ቀን አንዳቸው ያንቺን እጅ ወስደው ደረታቸው ላይ ቢያደርጉ ምን እንደምታደርጊ አሁን ታውቂያለሽ።

ጥያቄ፦ ልጄ 9 ዓመቷ ነው። ቶንሲል ይመላለስባት ነበር፣ አሁን የልብ በር ተበላሽቷል ተባለች። በየወሩ መርፌ ትወጋለች። በኛ ዘር የልብ በሽታ የለም፣ ባሌ ግን «ካንቺ ወገን ነው» ይለኛል። (እናት፣ ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ለባልሽ ይህን አንብቢለት። ይህ በዘር የሚወረሰው በሽታ አይደለም። የጉሮሮ ቁስል የሚያመጣ ባክቴሪያ አለ፣ በጊዜው በደንብ ካልታከመ ሰውነት እሱን ሲዋጋ የራሱን የልብ በር ይጎዳል። በአገራችን በብዙ ልጆች ልብ ላይ የምናየው ይህ ነው። ካንቺም ከሱም ወገን አልመጣም። በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ የምትወጋው ፔኒሲሊን ሕመሙ እንዳይመለስና በሩ ይበልጥ እንዳይጎዳ ነው፣ ደህና ሆነች ብላችሁ አንድም ቀን እንዳታዘልሉ። እንጥሏን ማስቆረጥ አያድናትም፣ ይጎዳታል። ለሌሎቹ ልጆችም ጉሮሮ ሲያማቸው በቶሎ ጤና ጣቢያ ውሰዷቸው።

ጥያቄ፦ 26 ዓመቴ ነው፣ ወልድያ ነው የምኖረው። የልብ ጡንቻ ውፍረት አለብህ፣ የደም መውጫውም ጠቧል ተብያለሁ። ሥራዬ ጭነት ማራገፍ ነው። ረመዳን መጾም እችላለሁ? ጫትስ? (መ. ከወልድያ)

መልስ፦ ወንድሜ መ.፣ ላንተ ውሃ መድኃኒት ነው። ሰውነት ሲደርቅ ልብህ ውስጥ የሚገባው ደም ያንሳል፣ ያ የጠበበው መውጫ ይብሱን ይጠባል፣ ራስህን ልትስት ትችላለህ። ስለዚህ ስለ ጾሙ ሐኪምህን ጠይቅ፣ «አይሆንም» ካለህ አትጨነቅ። ቁርኣን ራሱ በሱረቱል በቀራ የታመመ ሰው በሌላ ቀን እንዲያወጣ ፈቅዷል፣ ሕመሙ የማይለቅ ከሆነ ምን እንደምታደርግ ሼኅህን አማክር። ክርስቲያን ለሆናችሁ አንባቢዎችም ያው ነው፣ ለነፍስ አባታችሁ ንገሩ፣ ቤተ ክርስቲያን ለሕመምተኛ ታዝናለች። ተቅማጥና ትውከት ሲይዝህም ቸል አትበል።

ጫቱን ተወው። ልብን ያስሮጣል፣ ያንተ ልብ ደግሞ ቀስ ብላ ስትመታ ነው የምትሞላው። መድኃኒትህም የሚሠራው እሷን ለማረጋጋት ነው፣ ከጫት ጋር እርስ በርስ ይጓተታሉ። መድኃኒቱን በራስህ ጊዜ በድንገት እንዳታቆም።

ስለ ሥራህ ለመናገር ይከብደኛል፣ ምክንያቱም እንጀራህ ነው። ግን ትንፋሽ ይዞ ኩንታል ማንሳት ላንተ አይሆንም። የምትሠራበትን ማኅበር አለቃ አናግር፣ ቆጣሪ፣ መዝጋቢ፣ ጠባቂ፣ የሚገኘውን። ወረቀትህን አሳያቸው።

አንድ የቀረ ነገር። ደረትህን ሲያምህ ሌላ ክሊኒክ ብትገባ፣ ከምላስ ሥር የሚደረገው የልብ ኪኒን፣ ሽንት የሚያሸና መድኃኒት፣ አንዳንድ የደም ግፊት ኪኒኖችም እንደ አምሎዲፒን ያሉት ላንተ ሊብሱብህ ይችላሉ። የሚያይህ ሰው ይህን ላያውቅ ይችላል። የኢኮ ውጤትህን ኮፒ አስደርገህ በላስቲክ ጠቅልለህ ከመታወቂያህ ጋር ያዘው።